የካልካታ እባብ ሠዓሊዎች

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ። እንደምን ሰንብተሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን።

ባለፈው ስንደዋወል «ካሜራ እያለ እባብ በእጅ መሣል ምን ይጠቅማል ይሉኛል» ያልሽኝ ከልቤ አልወጣም። በስልክ ያልጨረስኩትን እዚህ ልጻፍልሽ። ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ፓትሪክ ራስል የሚባል የስኮትላንድ ሐኪም ነበር። በ1780ዎቹ ህንድ ውስጥ በኮሮማንዴል ጠረፍ ለእንግሊዝ የምሥራቅ ህንድ ኩባንያ ሲሠራ እባብ እየሰበሰበ ያሥል ነበር፤ መጽሐፉ በ1796 ታተመ። ሰው ያኔም እንደዛሬው እባብን ሁሉ እኩል ይፈራል፤ እሱ ግን የሚገድለውን ከማይገድለው ለይቶ ማሳየት ፈለገ። በስሙ የተጠራው የራስል እፉኝት ዛሬም በደቡብ እስያ ብዙ ገበሬ ይገድላል።

እኔን ይበልጥ የሚይዘኝ ከእሱ በኋላ የመጣው ሥራ ነው። ጆሴፍ ፌይረር የሚባል እንግሊዛዊ ሐኪም በህንዷ ካልካታ ከተማ የሕክምና ኮሌጅ የቀዶ ሕክምና መምህር ነበር። በ1869 በእባብ የሞተውን ሰው አስቆጥሮ 11,416 አገኘ፤ ያውም የተቆጠረው የህንድ ግማሽ ያህሉ ብቻ ነው። በ1872 ስለ ህንድ መርዛማ እባቦች ትልቅ መጽሐፍ አሳተመ። ሥዕሎቹን የሠሩት የካልካታ ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ወጣት ህንዳውያን ናቸው። አንዱ አናዳ ፕራሳድ ባግቺ ይባላል፤ ያኔ ዕድሜው ካንቺ ብዙም አይርቅም። መጽሐፉ ሲነሣ የሚጠራው ግን ፌይረር ብቻ ነው፤ ይህ ያስቆጨኛል። ሐኪሙ መርዙን መረመረ፤ እባቡን አይተው ያሳዩን እነሱ ናቸው።

የሣሉት በሕይወት ያለውን እባብ እያዩ ነው። አልኮል ውስጥ የቆየ እባብ ቀለሙ ይለቃል፤ አረንጓዴው ቢጫውን አጥቶ ሰማያዊ ይሆናል። ከዚያ ላይ የተሣለ ሥዕል ሜዳ ላይ ሰው ያሳስታል።

ክሬት የሚባለውን የህንድ መርዛማ እባብ ውሰጂ። ጥቁር ነው፤ ቀጫጭን ነጭ መስመሮች አሉት፤ ሌሊት ይወጣል። ንክሻው ብዙም ሳያም ትንፋሽ ያቆማል። ሰው የማይጎዳ ሌላ እባብ ደግሞ ቁርጥ እሱን ይመስላል። የሚለያቸው ጀርባቸው ነው፦ በክሬት አከርካሪ ላይ የተደረደሩት ቅርፊቶች ከጎኖቹ ይሰፋሉ፣ ስድስት ማዕዘንም ይይዛሉ። ፎቶ ላይ ብርሃን ያረፈበት ቅርፊት ነጭ ሆኖ ይጠፋል። የሚሥል ሰው ግን አንዷን ቅርፊት ሳይጨርስ ወደ ሌላዋ አያልፍም፤ ለዚህ ነው ጥሩ የእባብ ሥዕል ላይ ቅርፊት መቁጠር የሚቻለው።

ያኔ የእባብ መርዝ ማርከሻ መድኃኒት አልነበረም። ፌይረር የሞከራቸው መድኃኒቶች አልሠሩም፤ ፈረንሳዊው ሐኪም አልበርት ካልሜት የኮብራ መርዝ ማርከሻ ያወጣው በ1890ዎቹ አጋማሽ ነው። እስከዚያ ድረስ ሰው በእጁ የነበረው ትልቁ ነገር እባቡን ለይቶ ማወቅ ነበር። ዛሬም ቢሆን ለአንዱ እባብ የተሠራ ማርከሻ ለሌላው ላይሆን ስለሚችል የነከሰውን ማወቁ አልቀረም። እንግዲህ ጥቅሙን ለጠየቁሽ ይህንን ንገሪያቸው።

አንቺ ግን በሕይወት ያለ እባብ አጠገብ እንዳትደርሺ፤ በዚህ አልደራደርም። አራት ኪሎ ያለው የእንስሳት ሙዚየም ሄደሽ አስፈቅደሽ ሥሪ። እዚያ በቀለሙ አትተማመኚ፤ ለቅርፊት ግን ይበቃሻል። የሆዱን ሰፋፊ ቅርፊቶች ቆጥረሽ ቁጥሩን ከሥዕሉ ሥር አስፍሪ፤ ስምሽንም ሙሉውን ጻፊበት። ስትጨርሺ በቴሌግራም ላኪልን፤ አባትሽም እየጠየቀ ነው።

እናትሽ