የቤቱ ዕዳና የሞግዚቷ ደመወዝ

ጅማ፣ ጥር 16 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለተከበሩት አባቴ፣
አጋሮ

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን በያሉበት አቀርባለሁ። ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? የእናቴስ ጉልበት ተሻላት? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ሁላችንም ደኅና ነን፤ ትልቋ ልጅ መዋዕለ ሕፃናት እየተመላለሰች ነው፣ ትንሹም መዳህ ጀምሯል።

በጎረቤትዎ ልጅ እጅ የላኩልኝ ደብዳቤ ደርሶኛል። ባለቤቴና እኔ ልጆቹ ከተኙ በኋላ አብረን አነበብነው፤ ለእኛ ብለው ምን ያህል እንዳሰቡም ከእያንዳንዱ መስመር ተረድተናል። ከዘንድሮው የቡና ሽያጭ ያስቀመጡትን 150,000 ብር ለባንኩ እንድናስገባ፣ ሞግዚቷን አሰናብተን ደመወዟን በዕዳው ክፍያ ላይ እንድንጨምር፣ በእርሷም ፈንታ እናቴ ጅማ መጥታ ልጆቹን እንድትይዝ መክረውናል። በስልክ ልመልስልዎ አስቤ ነበር፤ ነገር ግን ጉዳዩ ቁጥር የበዛበት በመሆኑና እርስዎም በማስተማር ዘመንዎ ሁሉ ነገርን በጽሑፍ አስፍሮ መመርመርን ስለለመዱ፣ በደብዳቤ ማድረጉን መረጥሁ። የደረስንበትን ከወዲሁ ልናገር፦ የቤቱን ዕዳ ከውሉ ዘመን ቀድመን እንከፍላለን፤ የእርስዎን የቡና ገንዘብ፣ የእናቴን ጉልበትና የሞግዚቷን ደመወዝ ግን አንነካም።

የዕዳ ሥጋትዎ ከየት እንደመጣ አውቃለሁ። አያቴ የቡና መሬታቸውን በወለድ አገድ አስይዘው ገንዘብ እንደተበደሩ፣ አበዳሪውም በየዓመቱ ቡናውን እያስለቀመ በወለዱ ፈንታ ሲወስድ ዋናው ብር አንዲት ሳንቲም እንኳ ሳይቀንስላቸው እንደኖረ ከልጅነታችን ጀምሮ ነግረውናል። የየካቲት 1967ቱ የገጠር መሬት አዋጅ መሬትን መሸጥንም ሆነ በወለድ አገድ ማስያዝን ሲከለክል እርስዎ ወጣት ነበሩ፤ አዋጁ ያለፉትን ዓመታት ምርት ለአያቴ እንዳልመለሰላቸውም በዓይንዎ አይተዋል። ይህን ያየ ሰው ልጁ ለ15 ዓመት የባንክ ዕዳ ሲገባ እንቅልፍ ቢያጣ አይፈረድበትም።

ስለዚህ የእኛን ሒሳብ ሳልሸሽግ ላስቀምጥልዎ። በ2013 ዓ.ም. ከባንኩ የተበደርነው 500,000 ብር ነበር፤ ወለዱ በዓመት 12 በመቶ ሲሆን በየወሩ 6,001 ብር እንከፍላለን። በእነዚህ አምስት ዓመታት በድምሩ 360,000 ብር ያህል ከፍለናል፤ ዋናው ዕዳ ግን የቀነሰው 82,000 ብር ገደማ ብቻ በመሆኑ አሁንም 418,000 ብር ይቀረናል። ይህን ሲያነቡ የአያቴ ወለድ አገድ ትዝ እንደሚልዎ እገምታለሁ፤ እኔም ባንኩ የሰጠንን የክፍያ ሰንጠረዥ መጀመሪያ ያየሁ ዕለት ደንግጬ ነበር። በዚህ ወር የከፈልነውን ብንወስድ፣ በሰንጠረዡ ላይ በወለድ ዓምድ 4,183 ብር፣ በዋናው ዓምድ ደግሞ 1,818 ብር ተጽፏል።

ሆኖም በሁለቱ መካከል ትልቅ ልዩነት አለ። በወለድ አገድ ባለዕዳው ዋናውን ብር ሙሉ በሙሉ እስኪመልስ ድረስ የሚወሰድበት ምርት አይቀንስም፤ ባንኩ ግን ወለዱን የሚያስበው በየወሩ በቀረው ዋና ብር ላይ ብቻ ነው። በመሆኑም ዋናው ዕዳ በቀነሰ ቁጥር ወለዱም አብሮ ይቀንሳል፤ ከወርኃዊው ክፍያ በላይ ተጨምራ በቀጥታ ከዋናው ላይ የምትነሣ እያንዳንዷ ብር እስከ ውሉ ፍጻሜ ድረስ ትወልደው የነበረውን ወለድ ይዛ ትሄዳለች። ከመስከረም ወዲህ የመንግሥት ሠራተኞች ደመወዝ ሲሻሻል ባለቤቴና እኔ ካገኘነው ጭማሪ ላይ በየወሩ 2,000 ብር ለዚሁ መድበናል። በዚህ ከቀጠልን፣ የወለዱ መጠን ሳይለወጥ ከቆየ፣ የቀረው የ10 ዓመት ዕዳ በስድስት ዓመት ከሦስት ወር ውስጥ ያልቃል፤ ለወለድ ይወጣ ከነበረውም ወደ 125,000 ብር ያህል በእጃችን ይቀራል። በወር 2,000 ብር ለሁለት ደመወዝተኞች ቀላል ባይሆንም የልጆቹን ወተትና ዳቦ ሳንነካ የምንችለው ነው።

ጭማሪውን ዝም ብሎ ወደ ሒሳቡ ማስገባት ብቻ እንደማይበቃም ተረድተናል። ገንዘቡ ከዋናው ብድር ተቀናሽ እንዲሆን በጽሑፍ ካልተጠየቀ ለሚቀጥሉት ወራት ክፍያ በቅድሚያ እንደገባ ተቆጥሮ ሊቀመጥ ስለሚችል፣ ወርኃዊው ክፍያ እንዳለ ሆኖ የመክፈያው ዘመን እንዲያጥር የሚጠይቅ ማመልከቻ አስገብተን የደረሰኙን ቅጂ ይዘናል። ቀድሞ በመክፈል የሚጠየቅ ቅጣት መኖር አለመኖሩንም ከውሉ ላይ አይተናል፤ የለም።

ባለቤቴ በአንድ ነገር ይከራከረኝ ነበር። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የብር የመግዛት አቅም እየቀነሰ በመሆኑ፣ በብር የተያዘ ዕዳ እያደር ራሱ ይቀላል፤ ስለዚህ ለመክፈል መቸኮል የለብንም ይላል። ሐሳቡ ከንቱ አይደለም። ነገር ግን ዕዳው የሚቀልለት ገቢው ከኑሮው ውድነት ጋር አብሮ ለሚያድግ ሰው ነው፤ የእኛ ደመወዝ ደግሞ እንደ ነጋዴ ዋጋ በየሳምንቱ አይለወጥም። በቁጠባ ሒሳብ ብናስቀምጠው የምናገኘው ወለድ ከ7 በመቶ ብዙም አይርቅም፤ ለዕዳው የምንከፍለው ግን 12 በመቶ ነው። በውላችን ላይም ባንኩ የወለዱን መጠን ሊያሻሽል እንደሚችል ተጽፏል። ስለዚህ 2,000 ብሩን በዋናው ላይ ማሳረፉ ይሻላል በሚለው ተስማምተናል፤ ሆኖም ለባንኩ አንዴ የገባ ገንዘብ ልጅ ሲታመም መልሱልኝ ቢባል የማይመለስ በመሆኑ፣ ቢያንስ የሦስት ወር ወጪያችን በቁጠባ ሒሳብ እስኪሞላ ድረስ ከዚያ በላይ ላለመጨመር ወስነናል። የባለቤቴ የእቁብ ዕጣ ሲደርስም መጀመሪያ የሚሞላው ይኸው ተቀማጭ ይሆናል።

አባቴ፣ አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። በደብዳቤዎ «አንድ ቀን ባንኩ ቤቱን ቢሸጥባችሁስ?» ብለው ጠይቀዋል። ይህ ከንቱ ሥጋት አይደለም፤ በአዋጅ ቁጥር 97/1990 መሠረት ባንኮች በመያዣ የያዙትን ንብረት፣ ባለዕዳው ባይከፍልና በውሉ ላይ ከተስማማ፣ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥተው ፍርድ ቤት ሳይሄዱ በሐራጅ መሸጥ ይችላሉ። ነገር ግን ሕጉ የሚመለከተው ግዴታውን በጊዜው ያልተወጣን ባለዕዳ መሆኑን ልብ ይበሉ። ዛሬ 150,000 ብር ከዋናው ላይ ብንቀንስ ወለዱ በወር 1,500 ብር እንደሚቀንስ እሙን ነው፤ ሒሳብዎ ስሕተት የለበትም። ይሁን እንጂ የሚቀጥለው ወር 6,001 ብር ከመከፈል አይቀርም፤ እርሱ ለተከታታይ ወራት ሳይከፈል ቢቀር ትናንት በትርፍ የሰጠነው ገንዘብ አያድነንም። ስለዚህ ቤቱን የሚጠብቀው ወርኃዊው ክፍያ ሳይቋረጥ መቀጠሉ ነው፤ ክፍያው የሚቀጥለው ሁለታችንም ሥራ ላይ ስንሆን ነው፤ ሁለታችን ሥራ ላይ የምንሆነው ደግሞ ልጆቹን በእምነት የምንተውላት ሰው ስላለች ነው።

የነርስነት ሥራዬን ያውቁታል። የአዳር ተረኛ በሆንሁባቸው ቀናት ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ ከቤት እወጣለሁ፤ ባለቤቴ ደግሞ የሚያስተምረው የከሰዓት ክፍለ ጊዜ ሲኖረው በዚያ ሰዓት ገና ከትምህርት ቤት አልተመለሰም። ሞግዚቷ ትንሹን ከጡቴ ላይ ተቀብላ በነጠላዋ አዝላ፣ በሌላ እጇ ትልቋን ይዛ እስከ በሩ ድረስ ትሸኘኛለች። ያለብኩትን ወተት በስንት ሰዓት እንደምትሰጠው፣ ሙቀቱን በእጇ አንጓ ላይ አንጠባጥባ እንዴት እንደምትለካው፣ ዕቃውን አፍልታ እንደምታጥብ እያየሁ ነው የምሄደው። የወሊድ ፈቃድ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን በመሆኑ፣ እኛ ነርሶች እናቶችን እስከ ስድስት ወር ጡት ብቻ አጥቡ እያልን እየመከርን፣ ራሳችን በሦስተኛው ወር ልጁን ትተን ወደ ሥራ እንመለሳለን። በዚያ ወቅት ልጄ ሳይከሳና ሳይታመም የቆየው በእርሷ ጥንቃቄ ነው።

ለዚህ ሁሉ የምንከፍላት በወር 4,500 ብር ነው። ብናሰናብታት እኔ ዲዩቲ (የአዳር ተራ) መግባት አልችልም፤ የዲዩቲው ክፍያ ይቀርና ቀስ በቀስም ሥራውን እስከመተው ሊያደርሰኝ ይችላል። የእኔ ገቢ የዲዩቲውን ጨምሮ 15,500 ብር ያህል ነው። 4,500 ብር ለማትረፍ ሲባል 15,500 ብር አደጋ ላይ መጣል እርስዎ ቁጥር ያስተማሯቸው ልጆች ሁሉ የማይቀበሉት ሒሳብ ይመስለኛል። በዚያ ላይ እርሷም የሰው ልጅ ናት፤ በማታ ትምህርት ስምንተኛ ክፍል ደርሳለች፣ ዓመቱ ሳይጋመስ ብናስወጣት ትምህርቷ ይቋረጣል። የእኛ ቤት በእርሷ ትምህርት መቋረጥ እንዲከፈል አልፈልግም።

እናቴን በተመለከተ በጣም እናፍቃታለሁ፤ ልጆቹም ከእርሷ ጋር ቢያድጉ ደስታዬ ወሰን አይኖረውም። ነገር ግን ቤታችን በጅሬን ዳገት ላይ መሆኑን ያውቃሉ፤ በክረምት መንገዱ ጭቃ ሆኖ ለወጣት እንኳ ያስቸግራል። ጉልበቷ እንዲህ ሆኖ የሚድህ ሕፃን ቀኑን ሙሉ ማንሣትና ማስቀመጥ፣ ሌሊትም መነሣት ትችላለች ብዬ አላምንም። እርሷ እሺ ብላ እንደምትመጣ አልጠራጠርም፤ ቢያማትም እንደማትነግረኝ ደግሞ ከእርስዎ የተሻለ የሚያውቅ የለም። እርስዎስ በአጋሮ ብቻዎን ቀርተው ምግብዎን ማን ያዘጋጅልዎታል? መድኃኒትዎንስ በሰዓቱ ማን ያስታውስዎታል? እናቴ እንግዳ ሆና ትምጣ፤ ሚያዝያ 4 ቀን ለሚውለው ትንሣኤ አብራችሁ መጥታችሁ እስከ ዳግማይ ትንሣኤ ብትቆዩ፣ ጉልበቷን እኔ በምሠራበት ሐኪም ቤት አሳያታለሁ።

ስለ 150,000 ብሩ የምለምንዎ አንድ ነገር ነው። ከቤቱ በስተጀርባ ያሉት ቡናዎች እንዳረጁ፣ ቅርንጫፋቸው እየደረቀ ምርታቸውም እየቀነሰ እንደመጣ አምና ራስዎ አሳይተውኛል፤ መጎንደል፣ ማለትም እንደገና እንዲያቆጠቁጡ ግንዳቸው መቆረጥ እንዳለበትም ነግረውኝ ነበር። የተጎነደለ ቡና እንደገና አቆጥቁጦ ደኅና ምርት እስኪሰጥ ወደ ሦስት ዓመት ስለሚወስድ፣ በእነዚያ ዓመታት ከጡረታ አበልዎ ሌላ የሚደግፍዎ ገንዘብ ያስፈልግዎታል። ያ ገንዘብ ይኸው ነው። ለእኛ ባንክ ቢሰጡት ቡናው ሳይጎነደል ይቀራል፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላም ምርቱ ሲጠፋ የምንጨነቀው ሁላችን ነን። ማሳውን በሦስት ከፍለው በየዓመቱ አንዱን እጅ ቢያስጎነድሉ ገና ያልተጎነደለው ክፍል እያመረተ ይቆያል፤ ለቀን ሠራተኛ፣ ለመድኃኒትና ለቤቱ ጣራ ጥገናም ገንዘቡ ይበቃል።

ዕዳው ሲያልቅ ከባንኩ ከዕዳ ነፃ የመሆን ማረጋገጫውን ተቀብለን በቤቱ ካርታ ላይ የተመዘገበውን እገዳ እናስነሣለን፤ ያን ዕለት ካርታውን በእጅዎ አስይዤ እንዲያነቡልኝ እፈልጋለሁ። ይህም እንዲሆን ከሁሉ በፊት የእርስዎ ጤንነት ያስፈልገኛል።

ለቀማው ስላለቀና ዝናቡ ስላልጀመረ የጉንደላው ጊዜ አሁን ነው። ባለቤቴ በመንፈቀ ዓመቱ ዕረፍት ትምህርት ቤቱ ሲዘጋ መጋዝ ይዞ ወደ አጋሮ ይመጣል፤ ከእርስዎ ጋር ለአንድ ሳምንት ሊሠራ ተሰናድቷል። የትኛው የማሳው ክፍል አስቀድሞ እንደሚጎነደል ወስነው፣ ሁለት የቀን ሠራተኞችም ተነጋግረው ቢጠብቁት፣ የሠራተኞቹን ክፍያ በእርሱ እጅ እልካለሁ። እናቴን ሳሙልኝ።

አክባሪ ልጅዎ