ክንዱን ከመጠገናችን በፊት የተሰበረበትን ቅጽበት እንይ

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

በቅርቡ በአንባብያን ገጻችሁ ላይ አንድ ወላጅ የኮምፒውተር ጨዋታ ሁሉ የልጆችን ጊዜ ከማባከን በቀር ፋይዳ እንደሌለው የገለጹበትን ደብዳቤ በጥሞና አንብቤዋለሁ። ጭንቀታቸውን እጋራለሁ፤ ብዙ ሌሊት በስልክ ላይ ሲያልፍ የማየው እኔም ነኝ። ይሁን እንጂ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ለዓመታት ፊዚክስ ያስተማርኩ ሰው እንደመሆኔ፣ ባለፈው ክረምት ከእህቴ ልጅ አጠገብ ተቀምጬ ያየሁትን ሳልጽፍ ማለፍ አልቻልኩም።

ጨዋታው ቢሲጅ ይባላል። ስፓይደርሊንግ ስቱዲዮስ የተባለ የእንግሊዝ ቡድን እ.ኤ.አ. በ2015 ገና ሳይጠናቀቅ ለተጫዋቾች ያቀረበው፣ በ2020 ደግሞ አጠናቆ ያወጣው ነው። ተጫዋቹ ከእንጨት፣ ከማጠፊያ፣ ከመንኮራኩር፣ ከገመድና ከክብደት የጦር መሣሪያ ይገጣጥማል፤ ማስጀመሪያውን ከተጫነ በኋላ ግን የሠራው ነገር በስበትና በግጭት ሕግ ሥር ይወድቃል፣ ያልጠነከረ መገጣጠሚያ ካለም ዓይኑ እያየ ይፈርስበታል።

የእህቴ ልጅ የ10ኛ ክፍል ተማሪ ነው። የገነባው ትሬቡሼ የሚባለውን፣ በመካከለኛው ዘመን ግንብ ይፈርስበት የነበረውን ካታፑልት፣ ማለትም ድንጋይ መወርወሪያ የጦር መሣሪያ፣ ነበር። በዚህ መሣሪያ የክንዱ አጭር ጫፍ ላይ ከባድ ክብደት ይንጠለጠላል፤ ክብደቱ ሲወድቅ ረጅሙ ጫፍ ሽቅብ ይፈናጠርና ድንጋዩን ይወረውራል። የእሱ ግን ድንጋዩ ሳይለቀቅ ክንዱ ከማዞሪያ ዘንጉ ተገንጥሎ ይወድቅ ነበር። «ጋሼ፣ ክብደቱ በዝቶበት ነው» አለኝ፤ እኔም ሳልመረምር ተስማማሁ።

ከዚያ በኋላ ያደረገውን ማንኛውም ተማሪ፣ ምናልባትም ማንኛውም አናጢ፣ የሚያደርገው ይመስለኛል። ተጫዋቾች ብሬስ የሚሉትን ማገር ከክንዱ ሥር እስከ ጫፉ ድረስ እየደረደረ አሠረው። ክንዱ መገንጠሉን ሙሉ በሙሉ አላቆመም፤ ሳይገነጠል በቀረበት ጊዜም ድንጋዩ ቀድሞ ይደርስበት ከነበረው ግማሽ መንገድ እንኳ አልሄደም። ልጁ ተናደደ፣ ክብደቱን ጨመረ፣ እግሮቹን አሰፋ፣ የድንጋዩን ዓይነት ለወጠ፣ ይህን ሁሉም በአንድ ጊዜ አደረገ። ቀጥሎ የመጣው ውጤት ከየትኛው ለውጥ እንደመጣ እሱም እኔም ልንናገር አልቻልንም።

ርቀቱ ለምን እንዳጠረ ግን ማስረዳት እችል ነበር። የሚሽከረከር አካል ለመንቀሳቀስ የሚያሳየው እምቢተኝነት፣ ማለትም ኢነርሺያው፣ በክብደቱ ብቻ ሳይሆን ክብደቱ ከማዞሪያው ባለው ርቀት ካሬ ያድጋል። አንድ ማገር ከዘንጉ 1 ሜትር ርቀት ላይ ቢታሰርና ያው ማገር 4 ሜትር ርቀት ላይ ቢታሰር፣ ሁለተኛው 16 እጥፍ ይከብደዋል። ስለዚህ ከዘንጉ አጠገብ የሚደረግ ድጋፍ ብዙም ዋጋ አያስከፍልም፤ ጫፉ ላይ የሚደረገው ግን ለድንጋዩ መድረስ የነበረበትን ጉልበት ይበላዋል። ይህን ለ10ኛ ክፍል ስንት ጊዜ በሰሌዳ ላይ ጽፌዋለሁ! ልጁም ቀመሩን በቃሉ ያውቀዋል። ማገሩን ጫፉ ላይ ሲያስር ግን አንዴም አላሰበውም፤ በዚህ የምወቅሰው እሱን ሳይሆን የማስተማር ልማዴን ነው።

መልሱ የተገኘው ጨዋታው ጊዜን ለማዝገም በሚሰጠው መቆጣጠሪያ ነው። ማገሮቹን በሙሉ አስፈታሁት፤ የመጀመሪያውን መሣሪያ እንዳለ መልሰን በዝግታ አየነው። ክብደቱ ወረደ፣ ክንዱ ያለ አንዳች ችግር ዞረ፣ ክብደቱ ወደ ታችኛው ነጥብ ሲቃረብ ግን ሁለቱን የፊት እግሮች ከሚያያይዘው አግዳሚ እንጨት ጋር ተላተመ፤ ክንዱ የተገነጠለው በዚያው ቅጽበት ነበር። ክብደቱ አልበዛም፤ መንገዱ ተዘግቶበት ነበር። አግዳሚውን ሁለት እንጨት ያህል ወደ ፊት ሲያርቀው፣ ያለ አንድ ማገር ድንጋዩ በረረ። ሁለት ምሽት ሙሉ ያልታመመ አካል ስናክም ቆይተን ነበር።

መብረሩ የችግሩ መጨረሻ አልነበረም፤ አንዱ ድንጋይ ራቅ ብሎ ሲወድቅ ሌላው ከመሣሪያው ፊት መሬት ላይ ይፈርጥ ነበር። ልጁ ድንጋዩን የሚለቀው በጣቱ ቁልፍ እየተጫነ ነው። ክንዱ በሰከንድ አንድ ሙሉ ዙር ቢዞር፣ የጣት መዘግየት በ0.05 ሰከንድ ቢለያይ እንኳ የመልቀቂያው አቅጣጫ በ18 ዲግሪ ይዛነፋል። ቀድሞ የተለቀቀ ሽቅብ ይወጣል፣ ዘግይቶ የተለቀቀ ቁልቁል ይተከላል። ገጠር ያደገ ሰው ይህን ከእኔ በተሻለ ያውቀዋል፤ ማማ ላይ ቆሞ ማሽላ ከወፍ የሚጠብቅ ልጅ የወንጭፉን አንድ ጫፍ በጣቱ አስሮ ሌላውን የሚለቅበትን ቅጽበት የተማረው በብዙ የተሳሳተ ውርወራ ነው። የጥንቶቹ ትሬቡሼዎችም ረጅሙ ጫፍ ላይ ወንጭፍ ነበራቸው፤ የጣቱን ሥራ የሚሠራው ግን የክንዱ ጫፍ ላይ ያለ ዘንበል ያለ ሜንጦ ነው፤ ወንጭፉ በተወሰነ ማዕዘን ላይ ሲደርስ ቀለበቱ በራሱ ይወልቃል። የእህቴ ልጅም ቁልፉን ትቶ ክንዱን የሚያቆም አግዳሚ ሠራ፤ ክንዱ እሱን ሲመታ ድንጋዩ ከማቀፊያው በራሱ ይወጣል። ከዚያ ወዲህ ድንጋዮቹ እርስ በርስ ተቀራርበው መውደቅ ጀመሩ።

በዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ብዙ ሰው 45 ዲግሪን እንደ ቅዱስ ቁጥር ይይዘዋል፤ እውነትም የአየር ሰበቃን ካልቆጠርን፣ መነሻውና መድረሻው በአንድ ከፍታ ላይ ከሆኑ፣ ከሁሉ የሚርቀው በዚያ ማዕዘን ነው። ዋናው ጥቅሙ ግን ስህተትን መሸከሙ ነው። በ45 ዲግሪ 100 ሜትር የሚሄድ ድንጋይ በ52 ዲግሪ ቢለቀቅ 97 ሜትር ያህል ይሄዳል። በ30 ዲግሪ ሲለቀቅ 87 ሜትር የሚሄደው ግን በ37 ቢለቀቅ 96 ይደርሳል፤ ያው የ7 ዲግሪ መዛነፍ እዚህ ሦስት እጥፍ ያስከፍላል።

ጨዋታው እውነተኛውን ዓለም አይተካም፤ ይህንንም ልጁ በራሱ ደረሰበት። ትሬቡሼ እየሠሩ የሚሞክሩ ሰዎች ክብደቱ ከድንጋዩ 100 እጥፍ ያህል ሲሆን ጥሩ ውጤት ያገኛሉ፤ 100 ኪሎ ግራም 2 ሜትር ወርዶ ጉልበቱ ሳይባክን 1 ኪሎ ግራም ድንጋይ ቢወረውር፣ በስሌት 400 ሜትር ይሄድ ነበር። ይህን አንብቦ ክብደቱን እስከ ጥግ ሲጨምረው ክንዱ እንደ ጎማ እየተለጠጠ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ምክንያቱ እንጨቱ አይደለም፤ ኮምፒውተር እንቅስቃሴን የሚያሰላው በትንንሽ የጊዜ እርምጃ በመሆኑ (ጨዋታው የተሠራበት ዩኒቲ የተባለው የጨዋታ መሥሪያ ሶፍትዌር፣ ካልተለወጠ በቀር፣ በየ0.02 ሰከንዱ ያሰላል) በጣም ከባድ ነገር በጣም ቀላል ነገር ላይ ሲንጠለጠል መገጣጠሚያውን አጥብቆ ለመያዝ ስሌቱ አይበቃውም። ክብደቱን ቀንሶ በሁለት ማጠፊያ ሲያንጠለጥለው መንቀጥቀጡ ቆመ።

አስተያየት ለሰጡት ወላጅ የምለው፣ ልጅዎ እንዲህ ያለ ጨዋታ ሲጫወት ካገኙት ኮምፒውተሩን ከመዝጋትዎ በፊት «የተሰበረው መቼ ነው?» ብለው ይጠይቁት፤ ያላየው ከሆነ አዝግሞ ያሳይዎት። ለሥራ ባልደረቦቼ የፊዚክስ መምህራን ደግሞ፣ ኮምፒውተር በሌለበት ትምህርት ቤት አንድ ዱላ፣ አሸዋ የተሞላ ከረጢትና አንድ ሎሚ ለዚሁ ትምህርት ይበቃሉ፤ የምንጠይቀው ማርክ ግን የሎሚው ርቀት ላይ ሳይሆን ተማሪው በእያንዳንዱ ውርወራ አንድ ነገር ብቻ ለውጦ በጻፈው መዝገብ ላይ ይሁን።

የእህቴ ልጅ ደብተር ላይ 31 ውርወራ ተመዝግቧል፤ ምን እንደተለወጠ፣ ድንጋዩ የት እንደወደቀ፣ ምን ቀድሞ እንደተሰበረ በየመስመሩ ሰፍሯል። የሳይንስ ዓምዳችሁ ቦታ ካለው፣ ልጁ ስለፈቀደልኝ፣ ገጾቹን ፎቶ አንሥቼ ልልክላችሁ ዝግጁ ነኝ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የፊዚክስ መምህር፣ ከአዲስ አበባ