ለጅማ ራፐሮች ከመድረክ በፊት አዳራሽ ይሰጣቸው

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

በጅማ ሂፕ ሆፕን አጥብቀው የሚከታተሉ ወጣቶች ብዙ ናቸው። ከዩኒቨርሲቲው ግቢ እስከ መርካቶ፣ ከቦሳ ቂጦ እስከ ጊንጆ፣ ግጥም በስልካቸው የሚጽፉና ቢት (ራፕ የሚባልበትን አጃቢ ሙዚቃ) አውርደው የሚለማመዱ ልጆች አሉ። የሚታወሱት ግን አብዛኛውን ጊዜ በበዓል ዝግጅት መሐል ነው፤ ዘፋኙ እስኪደርስ አንድ ሁለት ራፐር ይግባ ይባላል። ልጁ ማይክ ይቀበላል፣ ድምፅ የሚያስተጋባው ኢኮ ለዘፋኝ እንደተከፈተ ነው፣ ከግጥሙ አንድ ቃል ሳይሰማ ይወርዳል። ይህን ያየ ሰው ራፕ ጩኸት ነው ቢል አይፈረድበትም። እኛ የምንለው፣ ልጆቹን መርዳት የሚፈልግ ወገን መጀመሪያ የሚለማመዱበት ቦታ ይስጣቸው፤ ከዚያ ድምፁን በአግባቡ ያስተካክልላቸው ነው።

ራፐር የሚበስለው ሳይፈር ውስጥ ነው። ክብ ሠርቶ መቆም፣ አንድ ቢት መልቀቅ፣ በየተራ መግባት፤ ሌላ ሥነ ሥርዓት የለውም። ከ8 እስከ 12 ሰው ይበቃዋል። ከዚያ ሲበዛ ተራው ይርቅና ከኋላ ያሉት ስልክ መነካካት ይጀምራሉ፤ ያኔ ክቡን ለሁለት መክፈል ይሻላል። ለጀማሪ በደቂቃ ከ85 እስከ 95 ምት የሚሄድ ቢት ይመረጣል። አንድ ባር አራት ምት ነው፤ በ90 ምት፣ 16 ባር ማለት 64 ምት ስለሆነ 43 ሰከንድ ያህል ይወስዳል፤ 12 ሰው ዘጠኝ ደቂቃ ሳይሞላ አንድ ዙር ይጨርሳል። አዲስ ለገባ ልጅ 8 ባር ይበቃዋል። 16 ሲሰጠው ግማሽ ላይ ትንፋሹም ሐሳቡም ያልቅበትና ቀዳዳውን በስድብ ይሞላዋል። አጠገቡ የሚቆም ጓደኛ የመስመሩን የመጨረሻ ቃል አብሮት ቢል፣ ልጁ በዚያች ቅጽበት አየር ይስባል።

ባትል፣ ማለትም ራፐሮች በግጥም የሚፎካከሩበት ግጥሚያ፣ ሲኖር ብሔር፣ ሃይማኖትና እናት አይነኩም። ይህ ቢቱ ከመለቀቁ በፊት ይነገራል፤ የጣሰ ተራውን ያጣል፣ ክርክር የለም። ጅማ የብዙ ሰው ከተማ ናት፤ አንድ ክፉ መስመር የብዙ ወራት ልፋት ያፈርሳል። አማርኛና አፋን ኦሮሞን በተለያየ ቀን ማድረግን ግን አጥብቀን እንቃወማለን። በአንድ ክብ ውስጥ ሲፈራረቁ ነው ጆሮ የሚከፈተው።

ስለ ግጥሙ ጥቂት እንበል፤ ብዙዎቹ የሚሰናከሉት እዚህ ጋ ነውና። በአማርኛ ግሡ መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ ቤት መምታት በጣም ይቀላል። "መጥቻለሁ"፣ "አይቻለሁ"፣ "ሠርቻለሁ" እያሉ አሥር መስመር መሄድ ይቻላል፤ ሰዋስዉ በነጻ የሰጠው ቤት ስለሆነ ግን አድማጭ በሦስተኛው መስመር ይሰለቻል። መድኃኒቱ መስመሩን በስም ወይም በቅጽል መዝጋትና ቤቱን ሁለት ፊደል ወደ ኋላ መውሰድ ነው። "ከአዌቱ ማዶ" ያለ ልጅ ቀጥሎ "ኪሴ ባዶ" ቢል፣ የመጨረሻው ፊደል ሙሉ በሙሉ፣ ከእሱ በፊት ያለው ደግሞ በአናባቢው ይገናኛል፣ ትርጉሙም አብሮ ይጓዛል። ሌላው የመጥበቅና የመላላት ጉዳይ ነው። የሚጠብቅ ፊደል ከምቱ ላይ ጊዜ ይወስዳል፤ ራፐሩ ሲቻኮል ካላላው "ገና" የሚለው በዓል ሳይሆን "ገና ነኝ" የሚለው ሆኖ ይሰማል። በአፋን ኦሮሞ ደግሞ የአናባቢው ማጠርና መርዘምም ትርጉም ስለሚለውጥ ጥንቃቄው እጥፍ ነው። ስለዚህ ግጥሙን መጀመሪያ ያለ ቢት፣ እንደ ተራ ንግግር፣ በእጅ ምት ብቻ ማለት ይገባል። በባር ከ10 እስከ 14 ክፍለ ቃል በ90 ምት ላይ ያለ ጭንቀት ይቀመጣል።

ወደ ድምፁ እንምጣ። ኢኮ ይጥፋ። ዘፋኝ ድምፁን ስለሚያስረዝም ኢኮ ያምርለታል፤ ራፐር በሰከንድ አራት አምስት ክፍለ ቃል ስለሚያወጣ ኢኮው ያለፈውን ቃል በሚመጣው ላይ ይጭነዋል። ሚክሰሩ (ድምፆቹ የሚደባለቁበት መሣሪያ) ላይ ሎው ከት የሚባል፣ ወፍራሙን ጉምጉምታ የሚቆርጥ ቁልፍ ካለ ለማይኩ ይጫን፣ ለቢቱ ግን አይነካ። ስፒከሮቹ ከራፐሩ ፊት ለፊት ወደ ተመልካቹ ዞረው ይቀመጡ፤ ማይኩ ከስፒከር ፊት ከገባ ያፏጫል። ማይኩን በመዳፍ ጠቅልሎ መያዝ ቪዲዮ ላይ ያምር ይሆናል፤ ነገር ግን ከወንፊቱ ሥር ያሉት ቀዳዳዎች የተሠሩት ከጀርባ የሚመጣን ድምፅ ለመቀነስ ነው። እነሱ ሲታፈኑ ማይኩ ከየአቅጣጫው ይቀበላል፣ ድምፁ ይታፈናል፣ ፉጨቱም ይመጣል። እጀታውን መያዝና ከከንፈር ሁለት ሦስት ጣት ማራቅ ነው።

ቢቱን ከስልክ ሲያገናኙ የሚፈጠር አንድ ችግር ደግሞ ብዙ ባለሙያ ሳይቀር ያደናግራል። ድምፁ ይወጣል፣ ድራሙና ቤዙ ግን የሉም። ምክንያቱ የስልኩ ስቴሪዮ ገመድ በአንድ ጃክ ወደ ማይክ መግቢያ መሰካቱ ነው። መግቢያው አንዱን ድምፅ ከሌላው ስለሚቀንስ በግራም በቀኝም እኩል ያለው ይጠፋል፤ ድራምና ቤዝ ደግሞ ቦታቸው መሐል ላይ ነው። ለሁለት ጃክ የሚከፈል ገመድ ገዝቶ ግራና ቀኙን በሁለት መስመር ማስገባት ይፈታዋል። ስልኩ በኤርፕሌን ሞድ ይሁን፤ አለበለዚያ በአንድ ሰው ግጥም መሐል ስልክ ይደወላል።

መብራት ሲጠፋ አምፕሊፋየሩ ወዲያው ይነቀል፤ ሲመለስ የሚመጣው ኃይል ዕቃ ያቃጥላል። ሲከፈት ሚክሰር ይቀድማል፣ ሲዘጋ አምፕሊፋየር ይቀድማል። ክቡ ግን አይበተን፤ በጭብጨባና በአፍ ምት ይቀጥላል፣ እንዲያውም ጥሩ ጥሩው መስመር ብዙ ጊዜ ያኔ ይወጣል። ክረምት ላይ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ከሰዓት መሰብሰብ ከንቱ ነው፣ ዝናቡ ማንንም አያሰማም።

ስለ ቢት አንድ ነገር ካላልን ቅር ይለናል። የኢትዮ ጃዝ አባት የሚባለው ሙላቱ አስታጥቄ የተወለደው እዚሁ ጅማ፣ በ1936 ዓ.ም. ነው። አሜሪካዊው ራፐር ናስና ጃማይካዊው የሬጌ ዘፋኝ ዴሚያን ማርሌ እ.ኤ.አ. በ2010 ያወጡትን የጋራ አልበም የከፈቱት በእሱ "የግሌ ትዝታ" ላይ በተሠራ ቢት ነው። የጅማ ልጆች ግን የሰው አገር ቢት አውርደው ይለማመዳሉ። የትዝታን ወይም የባቲን ቅኝት በክራር ወይም በኪቦርድ ተጫውቶ፣ አራት ባር ቀድቶ፣ ድራም ማስገባት በስልክ መተግበሪያ እንኳ ይቻላል። ችክችካውን ከነከበሮው መቅዳት ግን ያስቸግራል፤ የስድስት ምት አካሄድ ስለሆነ ከአራት ምቱ ድራም ጋር ይጋጫል። ዜማውን ብቻ መውሰድ ይሻላል። ከሰው ሸክላ ወይም ካሴት ቆርጦ ለገበያ ማውጣት ደግሞ ፈቃድ ይጠይቃል፤ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ያለ ፈቃድ ማድረግን ይከለክላል።

ሂፕ ሆፕ የተጀመረበት ግብዣ፣ እ.ኤ.አ. ኦገስት 11 ቀን 1973 በኒውዮርክ ብሮንክስ የተደረገው፣ በአንድ የኪራይ ሕንጻ የነዋሪዎች አዳራሽ ውስጥ ነበር። መግቢያው ለሴት 25፣ ለወንድ 50 ሳንቲም ነበር። በግብዣው ሙዚቃ ያጫወተው ዲጄ ኩል ሄርክ የሸክላውን የድራም ክፍል ለማስረዘም የቻለው፣ ሰው የሚሰበሰብበትና ሶኬት ያለበት ክፍል ስላገኘ ነው። የጅማ ልጆች የሚያስፈልጋቸውም ከዚህ አይበልጥም።

ስለዚህ የወጣት ማዕከላትንና የትምህርት ቤት አዳራሾችን የሚያስተዳድሩ ኃላፊዎች በሳምንት አንድ ቀን ለሁለት ሰዓት በር እንዲከፍቱ እንጠይቃለን። ዓርብ ጁምዓ፣ እሑድ ቅዳሴ ስላለ ቅዳሜ ጠዋት ከ4 እስከ 6 ሰዓት ይመቻል። ብሬክዳንስ ለሚሠሩት 4 ሜትር በ4 ሜትር የሆነ የፕላስቲክ ምንጣፍ ጠርዙ በፕላስተር ተይዞ ቢነጠፍ፣ በባዶ ሲሚንቶ ላይ ከመሥራት ይሻላቸዋል። የበዓል አዘጋጆችም ራፐር ሲጋብዙ ከዝግጅቱ በፊት 15 ደቂቃ የድምፅ ሙከራ ይስጡት። ማይኩን፣ ገመዱንና ቢቱን ወጣቶቹ ራሳቸው ያመጣሉ።

ከአክብሮት ጋር፣
የሂፕ ሆፕ ወዳጆች፣ ከጅማ