ከሚንዶሮ የተላከ ደብዳቤ

ይድረስ ለምወድዎትና ለማከብርዎት አባቴ፤

እንደምን ሰንብተዋል? ጉልበትዎን ተሻለዎት? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። ባለፈው «እዚያ አገር ሰዎቹ የራሳቸው ፊደል አላቸው ወይ?» ብለው ሲጠይቁኝ ስልኩ ስለተቋረጠ፣ መልሱን በጽሑፍ ላድርስልዎት።

አላቸው። ባለፈው ወር እዚሁ ፊሊፒንስ ውስጥ ከባታንጋስ ወደብ በመርከብ ወደ ሚንዶሮ ደሴት ተሻግሬ፣ በደቡብ በኩል በማንሳላይ ተራሮች የሚኖሩትን ሐኑኖ የተባሉ ሕዝቦች ለማየት በቃሁ። ቋንቋቸው ከማዳጋስካር እስከ ሃዋይ የተዘረጋው የአውስትሮኔዥያ ቤተሰብ ነው፤ አምስትን እነርሱም ሃዋዮችም «ሊማ» ይላሉ፣ ማዳጋስካሮች ደግሞ «ዲሚ»።

አንድ ሽማግሌ የቀርከሃ ቁራጭ ጭናቸው ላይ አስደግፈው፣ የቢላዋውን ስለት ከደረታቸው ወደ ውጭ እየገፉ ፊደሉን ሲቀርጹ አጠገባቸው ተቀምጬ አየሁ። ፊደላቱ 18 ብቻ ናቸው። እያንዳንዱ ተነባቢ ብቻውን ሲቆም ከ«አ» ድምፅ ጋር ይነበባል፣ ትንሽ ጭረት ሲታከልበት ደግሞ «ኢ» ወይም «ኡ» ይሆናል። ዘሩ ከጥንታዊው የሕንድ ብራህሚ ጽሕፈት ቢመዘዝም፣ ዛሬ የቋንቋ ሊቃውንት እንዲህ ያለውን አጻጻፍ የሚጠሩት እርስዎ በጨቅላነቴ ባስቆጠሩኝ ቃል፣ «አቡጊዳ» ብለው ነው፤ ቃሉን ከእኛ ወስዶ የሙያ ስያሜ ያደረገው ፒተር ዳንኤልስ የተባለ አሜሪካዊ ምሁር ነው። ይህን ሳነብ እርስዎ ፊት የተቀመጥሁ ያህል ደስ አለኝ።

ይበልጥ የገረመኝ ግን ሳድስ የሌላቸው መሆኑ ነው። ግጥማቸውን «አምባሃን» ይሉታል፤ በጥንቱ ልማድ ሲጻፍ ግን «አ ባ ሃ» ብቻ ነው፣ «ም»ንና «ን»ን አንባቢው ከልቡ ይሞላቸዋል። እኔም በልጅነቴ «ገና» የሚለውን ሳነብ እርስዎ «አጥብቀህ ነው ወይስ አላልተህ? በዓሉ ነው ወይስ ያልደረሰው?» ይሉኝ ነበር። የሆላንዱ ሚሲዮናዊ አንቶን ፖስትማ ፊደሉን እንደ ሳድስ የሚያስነብብ መዝጊያ ምልክት ጨምረውላቸዋል። ለጀማሪ እንደሚያቀልለት አልክድም፤ ሆኖም ያለ ምልክቱ የሚያነብ ሰው ግጥሙን አስቀድሞ በጆሮው የሰማ መሆን ስላለበት፣ እኔ የጥንቱን አብልጬ ወደድሁ።

አምባሃን በየስንኙ ሰባት ቀለም አለው፣ ቤቱንም በአንድ ድምፅ ይመታል፤ ያለ ዜማ መሣሪያ ይንጎራጎራል። ስለ ወፍና ስለ ዛፍ የሚናገር መስሎ ስለ ሰው ይናገራልና፣ እርስዎ ቢሰሙት ሰሙን ከወርቁ ወዲያው ይለዩት ነበር። ቅኔ በየጊዜው አዲስ ሲዘረፍ አምባሃን ግን ባለቤቱ ሳይታወቅ ከቀርከሃ ወደ ቀርከሃ እየተገለበጠ ይኖራል። ወጣቶቹ ፊደሉን የሚማሩት በአብዛኛው ለሚወዷት ልጅ አምባሃን ለመላክ ነው፤ ቤተ መንግሥትም ገበያም ሳያዝዛቸው ይህን ያህል ዘመን ማቆየታቸውን ሳስበው ልቤ ይነካል። ከገጣሚዎቻቸው አንዱ የነበሩት ጊናው ቢሎግ በ1993 እ.ኤ.አ. የአገሪቱን ከፍተኛ የባህል ሽልማት ተቀብለዋል፤ በ1999 እ.ኤ.አ. ደግሞ ፊደሉ በዩኔስኮ የዓለም ትውስታ መዝገብ ሰፍሯል።

ሽማግሌው የቀረጹትን የስንብት አምባሃን ሰጥተውኛል፤ በመጪው ሳምንት ወደ አገር ቤት በሚመለስ ጓደኛዬ እጅ ይደርስዎታል። ቀርከሃ ነቀዝ ያጠቃዋልና፣ እማማን የዘር በቆሎው ከሚሰቀልበት፣ ከምድጃው በላይ እንዲያንጠለጥሉት ይንገሯቸው።

ልጅዎ