ማስረጃ ለጠየቀችኝ ልጄ

ልጄ፣

የላክሽልኝን መልእክት ደጋግሜ አነበብኩት። «አባዬ አትቆጣ፣ ማስረጃ የሌለውን ነገር ማመን እያቃተኝ ነው» ብለሻል። አልተቆጣሁም። እናትሽ ትንሽ ደንግጣለች። አያትሽ ብትሰማ «ጸበል ውሰዷት» ማለቷ ስለማይቀር ለእሷ አልነገርናትም። እኔ ግን የታሪክ መምህር ነበርኩ። ተማሪ እጁን አውጥቶ «በምን ታወቀ?» ሲለኝ ደስ ይለኝ ነበር፤ የራሴ ልጅ ስትጠይቀኝ ምን ያስከፋኛል?

ቤተ ክርስቲያንም ብትሆን እንዳንቺ ላለው ሰው ቀን ሰጥታዋለች። ከፋሲካ ቀጥሎ ያለው እሑድ፣ ዳግም ትንሣኤ፣ ካላየሁና ካልዳሰስኩ አላምንም ያለው ቶማስ የሚታሰብበት ነው። ቶማስን «ለምን ጠየቅህ» ብሎ ከማኅበሩ ያባረረው የለም።

ወደ ጉዳዩ ከመግባቴ በፊት የማይረቡትን ክርክሮች ከፊታችን ላንሳ። «ዳርዊን ሊሞት ሲል ክርስቲያን ሆነ» ሲባል ሰምተሽ ይሆናል፤ እኔ ከመድረክ ላይ ሳይቀር ሰምቻለሁ። ዳርዊን የሞተው እ.ኤ.አ. በ1882 ነው። ወሬው የታተመው በ1915፣ በአንድ የአሜሪካ ባፕቲስቶች ጋዜጣ ላይ ነው። ሲሞት አጠገቡ የነበረችው ልጁ ሄንሪታ በ1922 ነገሩ ፈጠራ መሆኑን ጽፋ አስተባብላለች። በየዓመቱ «የኖኅ መርከብ ተገኘ» እያለ የሚዞረውን ቪዲዮም ተይው። እንዲህ ያለ ነገር ለእውነት ጥብቅና የቆመ ይመስላል፤ አንድ ቀን ሐሰትነቱ ሲታወቅ ግን እውነቱንም ይዞት ይወድቃል።

ሳይንስ ያልደረሰበትን ክፍተት ሁሉ በእግዚአብሔር መድፈንም አይመቸኝም። አጽናፈ ዓለሙ እየሰፋ መሆኑን እ.ኤ.አ. በ1927 ያስረዳው ጆርጅ ለሜትር የቤልጂየም ካቶሊክ ቄስ ነበር። በ1951 የሮማው ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒየስ 12ኛ ያንን ሐሳብ ለፍጥረት ማረጋገጫ አድርገው ሲናገሩ ለሜትር አልተደሰተም። ሳይንሱን ለሳይንስ ይተዉልን የሚል ሰው ነበር። ቄስ ሆኖ!

እንግዲህ ምን ቀረን? የቀረን ዋናው ነገር ነው። ክርስትና ራሱን የሰቀለው በአንድ ክስተት ላይ ነው። ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች «ክርስቶስ ካልተነሣ ስብከታችን ከንቱ ነው፣ እምነታችሁም ከንቱ ናት» ብሎ ጽፏል። ይህ የፈሪ ሰው ንግግር አይደለም። «እዚህ ጋ ምቱኝ፤ እዚህ ከወደቅሁ ሌላው ሁሉ ወድቋል» እንደማለት ነው። ስለዚህ ጥያቄሽን እዚያው ላይ እናድርገው።

ያ ደብዳቤ የተጻፈው እ.ኤ.አ. በ54 ወይም በ55 ዓ.ም. ገደማ ነው፤ ከስቅለቱ ሃያ ዓመት አለፍ ብሎ ማለት ነው። ሃያ ዓመት ምን ያህል እንደሆነ የ97ን ምርጫ አስቢ። አንቺ ሕፃን ነበርሽ፣ እኛ ግን ነበርን። ዛሬ አንድ ሰው ተነሥቶ ስለ 97 ያልሆነውን ቢጽፍ «የት ነበርክ?» የሚለው ሺ ሰው አለ። በዝርዝሩ እስካሁን እንጨቃጨቃለን፤ ምርጫው ተካሂዷል ወይስ አልተካሄደም ብሎ የሚከራከር ግን የለም። ጳውሎስም ክርስቶስ የታያቸውን ሰዎች ሲዘረዝር ኬፋን (ጴጥሮስን ማለት ነው)፣ አሥራ ሁለቱን፣ ከአምስት መቶ የሚበልጡ ወንድሞችን፣ የጌታን ወንድም ያዕቆብን ይጠራና ከአምስት መቶዎቹ የሚበዙት አሁንም አሉ ይላል። ሄዳችሁ ጠይቁ እንደማለት ነው። ዝርዝሩንም ራሱ «የተቀበልሁት» ይለዋል። ከማን እንደተቀበለው መገመት አይከብድም፤ በገላትያ መልእክቱ ኢየሩሳሌም ወጥቶ ኬፋ ዘንድ አሥራ አምስት ቀን እንደተቀመጠና ያዕቆብንም እንዳየ ይነግረናል።

የክፍል ጓደኛሽ «ኢየሱስ የሚባል ሰው መኖሩስ በምን ታወቀ?» ካለሽ ብዙ አትድከሚ። ሮማዊው የታሪክ ጸሐፊ ታሲተስ ክርስቲያኖችን የሚንቅ ሰው ነበር። እሱ ራሱ በ2ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ክርስቶስ በጢባርዮስ ዘመን በጴንጤናዊው ጲላጦስ እጅ እንደተገደለ ጽፏል። አይሁዳዊው የታሪክ ጸሐፊ ዮሴፉስ ደግሞ «ክርስቶስ የሚባለው የኢየሱስ ወንድም» ያዕቆብ በ62 ዓ.ም. አካባቢ በድንጋይ እንደተወገረ ይተርካል። ዮሴፉስ ስለ ኢየሱስ የጻፈው ሌላ ረዘም ያለ ክፍል አለ፤ እሱን አትጥቀሺ። ክርስቲያን ገልባጮች የራሳቸውን ቃል እንደጨመሩበት አብዛኞቹ ምሁራን ይስማማሉ።

አሁን ያንቺ ሙያ ውስጥ ልግባ፤ ይቅርታ አድርጊልኝ። «ራሱን ስቶ ነበር እንጂ አልሞተም» የሚሉ አሉ። ዮሴፉስ በሕይወት ታሪኩ ላይ አንድ ነገር ጽፏል። አይሁድ ከሮም ጋር በተዋጉበት ጊዜ ሦስት የሚያውቃቸው ሰዎች ተሰቅለው አየና ሮማዊውን አዛዥ ቲቶን ለመነ። ወዲያው አወረዷቸው፣ ሐኪሞችም ተጨነቁባቸው። ሁለቱ ሞቱ፣ አንዱ ብቻ ተረፈ። እንግዲህ ያለ ሐኪም፣ ተገርፎ፣ ተሰቅሎ፣ ጎኑን በጦር ተወግቶ መቃብር ውስጥ የተዘጋ ሰው በሦስተኛው ቀን በእግሩ ሄዶ ተከታዮቹን «ሞትን አሸነፈ» አሰኝቷል ብሎ ማመን ከትንሣኤው የቀለለ እምነት ነው? እንደ ሐኪም አንቺው መልሺልኝ።

«የተሰቀለ ሰው አይቀበርም ነበር፣ ለአሞራ ነበር የሚተወው» የሚለውም ክርክር መነሻ አለው፤ ብዙ ጊዜ እንደዚያ ይደረግ ነበርና። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ1968 ኢየሩሳሌም ውስጥ በአንድ የቤተሰብ መቃብር የአጥንት ማስቀመጫ ሣጥን ተገኘ። በውስጡ የተሰቀለ ሰው ተረከዝ አጥንት ነበር፣ ምስማሩ እንደተሰካበት። ቢያንስ ያ ሰው በክብር ተቀብሯል ማለት ነው።

እኔን የሚያስጨንቀኝ ከሁሉም የሚጠነክረው ተቃውሞ ሌላ ነው፦ ቅዠት። ዘመዱን የቀበረ ሰው ሟቹን ማየቱ፣ ድምፁን መስማቱ እንግዳ ነገር አይደለም። አያትሽ ራሷ ወንድ አያትሽን ከሞተ በኋላ በረንዳ ላይ አይቼዋለሁ ትላለች። ጴጥሮስን በዚህ ማስረዳት ይቻላል እንበል። ያዕቆብን ግን አስቢው። ወንጌሎቹ ሳያፍሩ እንደሚነግሩን የኢየሱስ ወንድሞች በሕይወት ሳለ አያምኑበትም ነበር። ጳውሎስ ደግሞ ጭራሽ ሐዘንተኛ አልነበረም፤ አሳዳጅ ነበር። የኢየሱስን መነሣት የሚመኝበት ምክንያት አልነበረውም። ቅዠት ባዶ መቃብርንም አያስረዳም። ባዶነቱን መጀመሪያ የመሰከሩት ደግሞ ሴቶች ናቸው። በዚያ ዘመን የሴት ምስክርነት ምን ያህል እንደሚናቅ ዮሴፉስ ራሱ ይነግርሻል። በ2ኛው ክፍለ ዘመን ሴልሱስ የተባለ ፈላስፋ ምስክሯ ያበደች ሴት ናት እያለ አላግጧል። ታሪክ የሚፈጥር ሰው እንዲህ ያለ መሳቂያ የሚያደርገውን ምስክር ከፊት አያቆምም።

በዚያ ዘመን የነበሩትም «ሙት አይነሣም» የሚለውን አሳምረው ያውቁ ነበር። ሴቶቹ ማለዳ ወደ መቃብሩ የሄዱት ሽቱ ይዘው ነው። ሬሳ ሊቀቡ እንጂ የተነሣ ሰው ሊቀበሉ አልነበረም።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ «ሐዋርያቱ ሁሉ ሰማዕት ሆነዋል፣ ስለዚህ እውነት ነው» ብለሽ ከተጠራጣሪ ሰው ጋር አትከራከሪ። ገድላቸውን አከብራለሁ፤ ግን የአብዛኞቹ አሟሟት የተጻፈው ዘግይቶ ነው። ደግሞም ለሐሰት የሞተ ብዙ ሰው አለ። ጠንካራ ማስረጃ ያላቸውን፣ የዘብዴዎስን ልጅ ያዕቆብን፣ የጌታን ወንድም ያዕቆብን፣ ጴጥሮስንና ጳውሎስን ብቻ ጥሪ። እነዚህ ሰዎች ሰምተው ሳይሆን አየን ብለው ነው የሞቱት።

ይህ ሁሉ ተደምሮ የላብራቶሪ ውጤት አይሆንም። በታሪክ ሥራ የምንመርጠው ያለውን መረጃ ከሁሉ በተሻለ የሚያስረዳውን ነው። እኔ መርምሬ ያገኘሁት መነሣቱን ነው። ሌላ ደህና ሰው መርምሮ «አላውቅም» ሊል ይችላል፤ ደደብ ነው አልለውም። አንቺም እንደዚያ አትበይ። ቅዱስ ጴጥሮስ ስለ ተስፋችሁ ለሚጠይቃችሁ ሁሉ መልስ ለመስጠት ተዘጋጁ ሲል «በየዋህነትና በፍርሃት ይሁን» ብሎ ጨምሯል፤ የኛ ተከራካሪዎች የመጀመሪያውን ግማሽ ብቻ ያነበቡ ይመስለኛል።

አሁን ያላነሣሽውን ላንሣ። በመልእክትሽ ላይ ማስረጃ አልሽ እንጂ በስልክ የነገርሽኝ ስለ ሕፃናት ክፍሉ ልጅ ነበር። ጥርጣሬሽ ከዚያ አልጋ አጠገብ የጀመረ ይመስለኛል። ለዚህ ክርክር አለኝ። እግዚአብሔር ከሌለ የዚያ ልጅ ሞት የሆነ ነገር ነው እንጂ «መሆን ያልነበረበት» የምንልበት መሠረት አይኖረንም፤ አንቺ ግን መሆን እንዳልነበረበት በአጥንትሽ ታውቂያለሽ። ክርክሩ ትክክል ይመስለኛል። ግን ለእናትየው አይነገርም፤ ላንቺም ያን ሌሊት ብነግርሽ ስልኩን በጆሮዬ ላይ ብትዘጊው አልፈርድብሽም ነበር። የኢዮብ ወዳጆች ሰባት ቀን መሬት ላይ ተቀምጠው ዝም ባሉ ጊዜ ጥሩ ሰዎች ነበሩ። አፋቸውን ሲከፍቱ ነው የተበላሹት፤ በመጨረሻም እግዚአብሔር የተቆጣው በጠያቂው በኢዮብ ሳይሆን በነሱ ነው። ሕፃኑ ለምን እንደሞተ አላውቅም። የማምነው አምላክ ግን ከሩቅ ሆኖ የሚያይ አይደለም፤ በስቅለት ዕለት የምንሰማው «አምላኬ አምላኬ ስለ ምን ተውኸኝ» የሚለው ጩኸት የሱ የራሱ ነው።

ጊዜ ስታገኚ የማርቆስን ወንጌል እርሳስ ይዘሽ አንብቢው። አጭር ነው፣ አሥራ ስድስት ምዕራፍ ብቻ። ያልተዋጠልሽ ቦታ ላይ አስምሪ። መጨረሻው ላይ ስትደርሺ ከምዕራፍ 16 ቁጥር 9 ጀምሮ ያለው ክፍል በሁለቱ ጥንታዊ የ4ኛው ክፍለ ዘመን የግሪክ ቅጂዎች ውስጥ እንደማይገኝ ዕወቂ። አንድ ቀን አንዱ በቪዲዮ «የተደበቀ ምስጢር» ብሎ ሊያስደነግጥሽ ይሞክራል፤ ከኔ ስሚው ብዬ ነው። እስከ ቁጥር 8 ባለው ውስጥም መቃብሩ ባዶ ነው፣ «ተነሥቷል» የሚለው ቃልም አለ።

ለዕረፍት ስትመጪ ያሰመርሽበትን ይዘሽ ነይ። ያንን ጓደኛሽንም ይዘሽው ብትመጪ እናትሽ ደስ ይላታል፤ እኔም የምከራከረው ሰው አገኛለሁ።

አባትሽ