ስድስተኛውን ጄሶ ማን ያስርለታል?

ውድ ልጄ፣

ሰላምሽ ይብዛ። አንቺና ባለቤትሽ ልጆቹን ይዛችሁ ለሦስት ሳምንት የህክምና አገልግሎት ባሕር ማዶ ልትሄዱ መሆኑን የነገርሽን ቀን እናትሽ በደስታ አለቀሰች፤ እኔ ግን ዝም አልኩ። ዝምታዬን እንደ ቅሬታ እንደወሰድሽው ከድምፅሽ ገብቶኛል። አልተቀየምኩም። ያን ሰዓት ትዝ ያለኝ በ11 ዓመትሽ የጠየቅሽኝ ጥያቄ ነው። በስልክ የሚያልቅ ነገር ስላልሆነ ቁጭ ብዬ ልጽፍልሽ ወሰንኩ።

ያኔ የሄድነው ለሁለት ሳምንት ነበር። እኔ በአጥንት ሐኪምነቴ፣ እናትሽ በነርስነቷ፤ አንቺና ወንድምሽ ደግሞ ከእኛ ስለማትለዩ። ዕቅዳችን ያላግባብ የገጠሙ ስብራቶችን በቀዶ ጥገና ማስተካከል ነበር። በሦስተኛው ቀን ግን አንዲት እናት በቢጫ ብርድ ልብስ የተጠቀለለ ጨቅላ ይዛ መጣች። ብርድ ልብሱን ስትገልጠው ሁለቱም እግሮቹ ወደ ውስጥ ታጥፈው መርገጫዎቹ ፊት ለፊት ይተያያሉ። ከአንድ ሺህ ሕፃናት አንድ ያህሉ ይህን ቆልማማ እግር ይዞ ይወለዳል፤ በጊዜ ካልታከመ በእግሩ ጠርዝ እየረገጠ ያድጋል። እንዲህ ላለ ልጅ አልመጣሁም ብዬ እንዴት ልመልሳት? ጄሶ አሰርኩለት። ወሬው ተዛመተና በሳምንቱ መጨረሻ አምስት ጨቅላዎች ሆኑ።

የአንቺ ሥራ ጡጦ መያዝ ነበር፤ ታስታውሺዋለሽ? ሕፃን እየጠባ እግሩን ያላላል፣ ካለቀሰ ግን ይገትረዋል፤ የተገተረ እግር ደግሞ በልክ አይታሰርም። እናቲቱ ያለበችውን ወተት አንቺ ታጠጫለሽ፣ እናትሽ የእግሩን ጣቶች ትይዛለች፣ እኔ በአውራ ጣቴ ከቁርጭምጭሚቱ በውጭ በኩል ጎላ ብላ የምትዳሰሰውን አጥንት ደግፌ እግሩን ቀስ እያልኩ ወደ ውጭ አዞራለሁ። በጉልበት አይደለም። እሺ እስካለ ድረስ ብቻ ነው፤ ከዚያ ጥጥ፣ ከጥጡ በላይ እርጥቡ ጄሶ፣ ከጣቶቹ ሥር እስከ ታፋው፣ ጉልበቱ ታጥፎ። «ለምን እስከ ታፋ? የታመመው እግሩ አይደል?» አልሽኝ። ከጉልበት በታች የቀረ ጄሶ ሾልኮ እንደሚወርድና እግሩም በውስጡ ተመልሶ እንደሚዞር ነገርኩሽ። አንቺም በደብተርሽ ሠንጠረዥ ሠርተሽ ጻፍሽው። ስማቸውን መጥራት ስላቃተሽ ሕፃናቱን በብርድ ልብሳቸው ቀለም መዘገብሻቸው፤ ቢጫ፣ አረንጓዴ፣ ባለመስመር፣ ነጭ፣ ሰማያዊ። ከጎናቸው ከ1 እስከ 7 የተቆጠሩ ባዶ ሳጥኖች።

በዚያው ማታ ነው የጠየቅሽኝ።

«አባዬ፣ አንድ ሕፃን ስንት ጄሶ ያስፈልገዋል?»

«አምስት፣ ስድስት፣ አንዳንዴም ሰባት።»

«በየስንት ቀኑ?»

«በየሳምንቱ።»

«እኛ እኮ ከስምንት ቀን በኋላ እንሄዳለን። ስድስተኛውን ማን ያስርለታል?»

«ጌታ ያውቃል፣ ልጄ።»

«ጌታማ ያውቃል። ማን እንደሚያስርለት ነው የጠየቅሁህ።»

እስከ ዛሬ ከተጠየቅሁት ሁሉ እንደዚያ ያሳፈረኝ የለም። የሞያውን መልስ ከሁሉም በላይ የማውቀው እኔ ነበርኩ። በሁለት ጄሶ የተተወ እግር ወደነበረበት ይመለሳል። ከእግሩ ይልቅ የከፋው የእናቲቱ ነገር ነው፤ ያን ያህል መንገድ ተጉዛ፣ ተስፋ አድርጋ፣ «የውጭ ሐኪሞች እንኳ ሞክረውት አልሆነም» ብላ ትደመድማለች። ከዚያ በኋላ እውነተኛው ህክምና ደጃፏ ቢመጣ ልጇን አታወጣም። እኔ ደግሞ እጄን ታጥቤ፣ ፎቶ ተነሥቼ፣ ምስክርነት ልሰጥ እመለሳለሁ።

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀውን የደጉን ሳምራዊ ታሪክ ገልጬ ሳነብ ዓይኔ ሌላ ጊዜ በማያርፍበት ሰው ላይ አረፈ፤ በእንግዶች ማደሪያ ጠባቂው ላይ። ሳምራዊው ቁስሉን አሰረ፣ ዘይትና ወይን አፈሰሰ፣ በማግስቱ ግን መንገደኛ ነውና ሄደ። ሲሄድ ቁስለኛውን እዚያው ለሚኖር ሰው አደራ ሰጠው፤ ሁለት ዲናር ከፈለ፣ የጎደለውን ስመለስ እሞላለሁ አለ። እስከዚያች ሌሊት ድረስ የእኛን አገልግሎት ዘይትና ወይኑ ብቻ አድርጌ ነበር የማስበው።

ጠባቂው ደግሞ አጠገቤ ነበሩ። የሆስፒታሉን ስብራት ሁሉ ለዓመታት በጄሶ ሲያስሩ የኖሩትን አዛውንት ታስታውሻቸዋለሽ። ስንሠራ ግድግዳው ጥግ ቆመው ያዩን ነበር፤ እኔ ግን ጄሶ አምጡልኝ ከማለት በቀር በአምስት ቀን ውስጥ አንድ ነገር አልጠየቅኋቸውም። በማግስቱ ሄጄ ይቅርታ ጠየቅሁና አብረውኝ እንዲሠሩ ለመንኩ። እጃቸው ከእኔ ይልቅ የሠለጠነ ነበር። እኔ የማውቀው የአጠማዘዙን ቅደም ተከተል ነው፤ የመሐል እግሩ ጉብጠት አስቀድሞ፣ የተረከዙ መውረድ መጨረሻ። እሳቸው የሚያውቁት የቀረውን ሁሉ ነው። እናቶቹ የሚመጡት በገበያ ቀን ከሆነ ብቻ እንደሆነ፣ ቀጠሮ በሌላ ቀን ከተሰጠ እንደሚጠፉ፣ የጄሶ መቁረጫ መጋዝ ሕፃኑንም እናቱንም እንደሚያስደነግጥና በለብ ያለ ውሃ አለስልሶ መፍታት እንደሚሻል። ለብ ያለውን ውሃ በገንዳ የምታመላልሺው አንቺ ነበርሽ።

ሁለት ሳምንታችን አራት ሆነ። የእናንተም ትምህርት ቤት ተዘግቶ ስለነበር፣ እናትሽም «እዚህ ጀምሮ መተው ኃጢአት ነው» ስላለች። ሦስተኛውንና አራተኛውን ጄሶ እሳቸው አሰሩ፤ እኔ ቆሜ አየሁ። ለሆስፒታሉ ወጣት ሐኪም ደግሞ ተረከዙ አልወርድ ሲል በአካባቢ ማደንዘዣ በጠባብ ብጥ የተረከዙን ጅማት መቁረጥ አሳየሁት፤ ከዚያ በኋላ ለሦስት ሳምንት የሚቆይ የመጨረሻው ጄሶ ይታሰራል።

ጄሶው ሲያልቅ ግን ሥራው ገና ግማሽ ነው፤ ይህን ብዙ ሐኪም ይረሳዋል። ሁለቱ ጫማዎች በአንድ ብረት የተያያዙበትን መያዣ ሕፃኑ ለሦስት ወር በቀን 23 ሰዓት፣ ከዚያም 4 ወይም 5 ዓመት እስኪሞላው ሲተኛ ሁሉ ማድረግ አለበት። እግሩ ተመልሶ የሚጣመመው አብዛኛውን ጊዜ ይህ ሲቀር ነው። መያዣውን ከውጭ ማስመጣት የማይቻል ሲመስለን፣ ሚሂል ስቴንቤክ የተባለ ሰው ዑጋንዳ ውስጥ በአገሩ ቆዳና ብረት የሚሠራ መያዣ መንደፉን አስታወስኩ። አዛውንቱ አንድ ጫማ ሰፊና አንድ በያጅ ጠርተው አመጡ። የመጀመሪያው ጥንድ በጣም ከበደ፣ ሦስተኛው ግን ልክ ሆነ።

ቆልማማ እግርን እንዲህ በጄሶ የማስተካከሉ ዘዴ ባለቤት፣ ሐኪሙ ኢግናሲዮ ፖንሴቲ፣ ራሱ ስደተኛ ነበር። ከስፔን የእርስ በርስ ጦርነት በኋላ አገሩን ጥሎ በሜክሲኮ በኩል አሜሪካ፣ አይዋ ደረሰ፤ ይህን ህክምና በ1940ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1963 ቢያሳትምም የሞያ ባልደረቦቹ ለብዙ ዓመታት ቢላዋን መረጡ። እንዲስፋፋ ከገፉት መካከል ወላጆች ነበሩ፤ እርስ በርስ በኢንተርኔት እየተነጋገሩ። እ.ኤ.አ. በ2009 ሲሞት ይህን አይቶ ነው የሞተው።

ልጄ፣ አሁን ወደ ከበደኝ ነገር ልምጣ። በሦስተኛው ሳምንት አንድ ቀን ጠዋት «አባዬ፣ ራሴን አሞኛል፣ ይበርደኛል» አልሽኝ። በሩ ላይ ሰዎች ተሰልፈው ነበር። ግንባርሽን ነካሁና «ውሃ ጠጪና ተኚ፣ ማታ አይሻለሁ» ብዬ ወጣሁ። ማታ እናትሽ በእቅፏ ይዛሽ ስትንቀጠቀጪ አገኘሁሽ፤ ደምሽ ሲመረመር ወባ ነበር። መድኃኒቱ ያዘልሽ፣ ጌታ ይመስገን። የሌላ ሰው ልጅ እንዲህ ብሎ ቢመጣ ግን በዚያው ሰዓት ደሙን አስመረምር ነበር። ልጄ በመሆንሽ ሰልፉ መጨረሻ ላይ አቆምኩሽ። ይህን በቃሌ ነግሬሽ አላውቅም፤ ይቅር በይኝ።

ፖል ብራንድ የተባለውን የሥጋ ደዌ ሐኪም ታውቂዋለሽ። እ.ኤ.አ. በ1914 ከሚሲዮናውያን ወላጆች በደቡብ ሕንድ ተራሮች ላይ ተወልዶ በ9 ዓመቱ ለትምህርት ወደ እንግሊዝ ተላከ። አባቱ እ.ኤ.አ. በ1929 ከወባ በመጣ ሕመም ሲሞት ዜናው በቴሌግራም ደረሰው። የአባቱ ደብዳቤዎች ግን በመርከብ ስለሚጓዙ ከሞቱ በኋላም ለሳምንታት ይደርሱት ነበር። ይህን ባሰብኩ ቁጥር የዚያን ዕለት ጠዋት ግንባርሽን የነካሁበት እጄ ትዝ ይለኛል።

ስለዚህ ልጆቹ ካተኮሱ፣ ሰልፉ በር ድረስ ቢደርስም፣ በዚያው ሰዓት አስመርምሪያቸው። የወባ መከላከያውን ሐኪማቸው በክብደታቸው ልክ ይዘዝላቸው፣ ከተመለሳችሁም በኋላ እስከታዘዘላችሁ ቀን ድረስ አታቋርጡት። የቢጫ ወባ ክትባት ከጉዞው 10 ቀን ቀደም ብሎ ካልተሰጠ አይቆጠርም። መርፌ ከወጋሽ አትደብቂ፤ የኤችአይቪ መከላከያው በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፣ ሲፈጥን ደግሞ ይሻላል።

መድኃኒት ይዛችሁ ስትሄዱ የሚያበቃበትን ቀን አንድ በአንድ እዩ። የዓለም ጤና ድርጅት የእርዳታ መድኃኒት አገሩ ከደረሰ በኋላ ቢያንስ አንድ ዓመት ሊቀረው ይገባል የሚለው በምክንያት ነው፤ ለእኛ የማይሆነውን ለድሃ አናቀብልም። የሥራ ፈቃዳችሁንም ከዚያ አገር የጤና ባለሥልጣን አስቀድማችሁ አውጡ። ለአገልግሎት ስለመጣን ሕግ አይመለከተንም የሚል ሐኪም አጋጥሞኛል፤ በዚህ ፈጽሞ አልስማማም።

ስለ ጸሎትም የምልሽ አለኝ። ጸልዩላቸው፣ ከፈቀዱ። ሳትጠይቂ አትጸልይ፣ ከህክምናው በፊትም አትጠይቂ። የታመመ ልጅ ያቀፈች እናት እንቢ ማለት አትችልም፤ እሺ ካላልኩ አያክሙልኝም ብላ ትፈራለች። በዚያ ፍርሃት የተገኘ አሜን ጌታን ያስከብራል ብዬ አላምንም። ፎቶም እንዲሁ ነው።

ሐኪሞቹ ባልና ሚስት ካትሪንና ሬጂናልድ ሐምሊን እ.ኤ.አ. በ1959 የስድስት ዓመት ልጃቸውን ይዘው አዲስ አበባ ሲገቡ ውላቸው የሦስት ዓመት ነበር። ሬጂናልድ እ.ኤ.አ. በ1993፣ ካትሪን ደግሞ በ2020 በ96 ዓመታቸው እስኪያርፉ ድረስ እዚያው ኖሩ። እ.ኤ.አ. በ1974 የከፈቱት የፊስቱላ ሆስፒታል ብዙ ተነግሮለታል። እኔን የሚነካኝ ግን ታካሚ ሆነው ገብተው፣ ከአጠገባቸው ሆነው እያዩ ተምረው፣ ራሳቸው ቀዶ ጥገናውን እስከመሥራት የደረሱት ወይዘሮ ማሚቱ ጋሼ ናቸው። እናንተ የምትቆዩት ሦስት ሳምንት ብቻ ነው፤ ስለዚህ እንደደረሳችሁ በመጀመሪያው ቀን ግድግዳው ጥግ የቆመውን ሰው ፈልጉ። እኔ አምስት ቀን ፈጅቶብኛል።

በወንድምሽ እጅ አንድ ጥቅል ልኬልሻለሁ። ደብተርሽ ነው። ስንወጣ ለአዛውንቱ ትተሽላቸው በዓመቱ ስንመለስ መልሰው ሰጡኝ፤ ያኔ አንቺ ፈተና ስለነበረብሽ አብረሽን አልመጣሽም፣ እኔም ሌላ ቀን አሳያታለሁ እያልኩ መሳቢያዬ ውስጥ አቆየሁት። ሽፋኑ ላይ የጄሶ ጠብታ አለ፣ አትፋቂው። የሰማያዊው ብርድ ልብስ ረድፍ ከአራተኛው ሳጥን በኋላ ባዶ ነው፤ አዛውንቱ ሁለት ጊዜ በብስክሌት ቤታቸው ድረስ ሄደው ቤተሰቡ ለቆ እንደነበር ኅዳጉ ላይ ጽፈዋል። አረንጓዴውና ነጩ እስከ መጨረሻው ተሞልተዋል፣ ባለመስመሩ በአምስተኛው አልቋል። ቢጫውን ራስሽ እይው። በስድስተኛው ሳጥን፣ አንቺ ያኔ በእርሳስ ትንሽ የጥያቄ ምልክት አድርገሽበት ነበር፤ በላዩ ላይ በሰማያዊ ቀለም ፈርመውበታል።

አባትሽ