ሶላር የሚፈልገው ብርሃን እንጂ ሙቀት አይደለም

ሰላም አዘጋጆች፣

እዚህ አዳማ ሶላር የሚሸጡ ልጆች «ከተማችን ሞቃት ስለሆነች ሶላር እንደ ጉድ ይሠራል» ይላሉ። ገዢውም አምኖ ይከፍላል። ፊዚክስ የማስተምር ሰው ስለሆንኩ ዝም ማለት አቃተኝ።

ብርሃን የሚመጣው ፎቶን በሚባሉ ጥቃቅን የኃይል እሽጎች ነው፤ አንዱ ፎቶን ፓነሉ የተሠራበት ሲሊከን ውስጥ ሲገባ አንድ ኤሌክትሮን ከታሰረበት ያስለቅቃል፣ ይህ የሚሆነው ግን ፎቶኑ ቢያንስ 1.1 ኤሌክትሮን ቮልት (የጥቃቅን ኃይል መለኪያ ነው) ገደማ ከያዘ ነው። ታክሲ በሉት። ታሪፉ ያልሞላለት አይሳፈርም፣ መቶ ሆነው ቢሰለፉም ያው ነው፤ ትርፍ የያዘው ደግሞ መልስ አይሰጠውም። ሰማያዊ ፎቶን 2.7 ገደማ ይይዛል፣ ከሚያስፈልገው በላይ የሆነው ኃይል ፓነሉን ከማሞቅ በቀር አይረባም። (አንስታይን እ.ኤ.አ. የ1921 ኖቤልን ያገኘው ብርሃን ከብረት ላይ ኤሌክትሮን እንዴት እንደሚያስለቅቅ በ1905 ስላብራራ ነው፤ ብዙ ሰው በሪላቲቪቲ ይመስለዋል።)

ሙቀት እንዲያውም ጠላት ነው። ፓነሉ ራሱ ከ25 ዲግሪ በላይ በጋለ ቁጥር በየዲግሪው ከ0.3 እስከ 0.5 በመቶ ኃይል ያጣል። የቀትር ፀሐይ ላይ ደግሞ 60 ዲግሪ መድረስ ለእሱ ብርቅ አይደለም፤ ሒሳቡን እናንተው ሥሩት።

ስለዚህ ቆርቆሮ ላይ ልጥፍ አድርገው ለሚገጥሙት ንገሩልኝ፦ ከሥሩ ነፋስ የሚያልፍበት ክፍተት ይተዉ። አቧራውንም በጠዋት፣ ፓነሉ ሳይግል፣ በእርጥብ ጨርቅ ይጥረጉት።

የፊዚክስ መምህር፣ ከአዳማ